በማኅደር የተሰቀለው የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ነበርኩ። የጋይንቱ አውቶቡስ እስኪሞላ ብዬ ፊት ለፊት ካለች የባህል ዕቃ መሸጫ ጎራ አልኩ። ከግድግዳው ላይ ማንገቻ ያላቸው ሦስት የቆዳ ማኅደሮች ተሰቅለዋል። ሻጯ ልጅ እግር ናት። «ለጌጥ ነው፣ እትዬ። ከሶፋ በላይ ሲሰቅሉት ቤቱን ያደምቀዋል» አለችኝ። ጸጉሬ ቶሎ ስለሸበተ እትዬ መባል ከለመድኩ ቆየሁ። አንዱን አውርጄ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የፍየል ቆዳ ሽታ፣ ትንሽ ቅቤ፣ ትንሽ ጭስ። እግሬ እዚያው ሱቅ ውስጥ እንደቆመ ነፍሴ ጋይንት ገባች። «ድሮ ምን ነበር የሚያደርጉበት?» አለች ልጅቱ። «መጽሐፍ ነዋ፤ ዳዊት፣ ድጓ፣ ገድል» አልኳት። «በእኛ ቤት ግን የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ነበረበት።» የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ረዳቱ «ጋይንት፣ ጋይንት» እያለ ሲጣራ ሳላስረዳት ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ግን ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። በአርብ ገበያ ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣ የነበረበት፣ ደብተር አንድ ብር ከምናምን ሲገባ እናቶች «ኧረ የት ሊደርስ ነው» የሚሉበት ዘመን ነው። ሞባይል የሚባለውን በወሬ እንጂ በዓይኑ ያየ ስላልነበረ፣ በገበያ መካከል ሰው ሲጠፋ የሚፈለገው ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ስሙን በመጥራት ነበር። የእኛ መንደር ከገበያው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይርቃል። አርብ አርብ ገብሱና ባቄላው በአህያ ይወርዳል፤ ጨው፣ ላምባና ኮንጎ ጫማ ይወጣል። ከገበያው ጥግ ያለችው ሻይ ቤት ቴፕ ነበራት። ከሰዓት በኋላ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ እኛ ግን ዘፈኑ ሲፈጠር እንደዚያ የተጎተተ ይመስለን ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ ያንኑ ዘፈን ባሕር ዳር ውስጥ በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው ሰው የተቻኮለበት መሰለኝ። እስከ ዛሬም የምወደው የደከመውን ነው።

እኔ ያኔ ደብሬ የምባል፣ አረንጓዴ የቴትሮን ቀሚሴን ከትምህርት ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን የምለብስ፣ ቀልቤ አንድ ቦታ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። መርጌታ ይትባረክ የሚባሉ፣ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለች ጎጆ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ውኃ ቀድቼ ስመለስ መንገዴን ሆን ብዬ በዚያ አደርግና ጀሪካኔን ከአጥሩ ሥር አሳርፋለሁ። ግእዙ አይገባኝም፤ ቤት ሲመታ ግን ይሰማኛል። አንድ ቀን መርጌታ ብቅ አሉና ጀሪካኑን በመቋሚያቸው ነካ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ዕቃ የሚሞላው በውኃ ነው በቅኔ?» አሉኝ። አፍሬ ስሸሽ ክዳኑን ረስቼ ሄድኩ። በማግሥቱ አጥሩ ላይ ሰክተውልኝ አገኘሁት። አትምጪ አላሉኝም።

የዩኒቨርሲቲው ልጆች የመጡት በክረምት ነው። ዕረፍታቸውን ትተው፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ጀርባቸው ላይ ትልልቅ ቦርሳ አዝለው በጭቃው ወጡ። ከሁሉም ብሩክ የሚባለውን አልረሳውም። የለበሰው ጂንስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ አንዱን ሸራ ጫማውን ደግሞ ማጡ ውጦ አስቀርቶበት ነበር የደረሰው። ከአርብ ገበያ ኮንጎ ገዝቶ ክረምቱን በእርሷ ሲያስተምር የመንደሩ ሰው «አሁን ገና ሰው ሆነ» አለ። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ እኛን ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ያስተምሩናል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቻችንን ሰብስበው ያወያያሉ። ሐሳባቸው ልጅ ብቻውን አይማርም፣ ቤቱም አብሮ ይማር የሚል ነበር። ሊሄዱ ሲሉ ዩኒቨርሲቲው በአማርኛ ያሳተማቸውን መጻሕፍት ለየጎጡ አደሉ። ለእኛ ጎጥ የደረሱት ሦስት ናቸው፤ ልጆችና ቤተሰቦች ሰኞና ረቡዕ ተሰብስበው እንዲያነቧቸው። ቤታችን ሰፋ ስለሚል ጠባቂ አባቴ ሆነ። ብሩክ መጻሕፍቱን በሁለት እጁ አቀበለውና «አደራ፣ አቶ ታከለ፣ በደንብ ይጠብቁልን» አለው።

ያቺ «አደራ» ናት ነገሩን ሁሉ ያመጣችው። ለከተማ ልጅ የስንብት ቃል ናት። አባቴ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰም ብል ማጋነን አይሆንም። ሳምንት ሳይሞላ የፍየል ቆዳ አስለፍቶ ማኅደር አሰፋ። ከምሰሶው ላይ ችንካር መታ። መጻሕፍቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከተተና ሰቀለ። እጅ ሳይታጠብ መንካት ክልክል፣ መሬት ላይ ማስቀመጥ ክልክል፣ እየበሉ ማንበብማ የማይታሰብ። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ እርሱ ሌላ አያያዝ አያውቅም። ሃያ ቤት በሦስት መጽሐፍ እንዴት ይማር የሚለው ሲቸግረው መርጌታን ጠራቸው። መርጌታ ሳቁ። «አንድ ድጓ ለአርባ ተማሪ በቅቷል፤ አንድ ሳይንስ ለሃያ ቤት ምን ያንሳል? ደብሬ ታንብብ፣ ሌላው በቃሉ ይያዝ» አሉ።

ሰኞና ረቡዕ የሚባለው የእርሻ ቀን ስለሆነ አልሆነም። በእኛ አገር በሬ የማይጠመድበት፣ እንዝርት የማይሾርበት ቀን በየወሩ ሞልቷል፤ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም። ትምህርቱ እነዚያ ላይ ዋለ። እጅ ሥራ ሲፈታ ጆሮ ሥራ ያዘ። እኔ መጽሐፉን በጨርቅ ይዤ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፤ ጎጡ በሙሉ ይቀበለኛል። ሳይታሰብ ዜማ ገባበት። «ብረት በሙቀት ይለጠጣል» የሚለው ሳይቀር መነሻና መድረሻ ነበረው። ከሁሉ ቀድማ የያዘችው እናቴ ናት። እናቴ ከፊደል አንዱን ከአንዱ አትለይም። ግን የሰማችውን አትጥልም፤ እኔ ተሳስቼ ስዘል እንኳ «ተይ ደብሬ፣ ከዚያ በፊት አንድ አለ» ትለኝ ነበር።

ጥር ላይ ሽማግሌዎች መጡ። የመጡት ለእኔ ነው። የዚያ ሰሞን ዕድሜዬ አሥራ አራት ቢሆን ነው፤ ከእኔ የሚያንሱ ልጃገረዶችም ስም ለትዳር መነሣት ጀምሮ ነበር። ከጓዳው ሆኜ አዳመጥኩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ መሬት አለው፣ ሁለት በሬ አለው፤ ሁሉም ተባለ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «እውነት ነው፣ ጥሩ ቤት ነው። ግን እኔ አደራ አለብኝ። ይህን መጽሐፍ የምታነበው እርሷ ናት። አንባቢዋን ድሬ መጽሐፉን በማን ላስነብበው? መጽሐፉ ከቤቴ እያለ ልጄ ከቤቴ አትወጣም» አላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብልህ ነበር። «መጽሐፉ የተሰጠህ ለዘለዓለም ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ መዋሸት አይችልም። «አይደለም። በዓመቱ መጥተው ያዩታል። ያን ጊዜ እናወራለን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ችንካር ላይ የተንጠለጠልኩ መሰለኝ። ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ምሰሶው ሆነ።

የዩኒቨርሲቲው ሰዎች የመጡት ዓመቱ ሳይሞላ ነው፤ በሚያዝያ ጊዮርጊስ። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ሣሩ ብቅ ብሏል። በዓል ስለነበር ጎጡ ቤታችን ተሰብስቧል። ብሩክ ከፊት፣ ከኋላው የፕሮግራሙ ኃላፊ የሆኑ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ መምህር ገቡ። ኃላፊው ማኅደሩን ቀና ብለው አዩትና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። አባቴ «ቤቱ ነው» አላቸው፤ ኩራቱ በድምፁ ያስታውቅ ነበር። አውርዶ ጨርቁን ፈትቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ኃላፊው ሳይንሱን ገለጡት። ወረቀቱ ነጭ ነው። የማተሚያ ቤቱ ቀለም ሽታ እንኳ አልለቀቀውም። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

«ብሩክ፣ ና እይ። አልተነካም።»

«ተነክቷል እንጂ» አለ አባቴ።

«አቶ ታከለ፣ የተነበበ መጽሐፍ ያስታውቃል። ጠርዙ ይታጠፋል፣ ጣት ይዞበታል።»

«ጣት ይዞበት ቢያገኙት ምን ይሉኝ ነበር? አደራ በላ አይሉኝም?»

ኃላፊው ትምህርቱ የዋለባቸው ቀኖች የሚመዘገቡበትን ደብተር ጠየቁ። እኔ የጻፍኩት ነው። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «መርሐ ግብሩ ሰኞና ረቡዕ ነበር። እዚህ ያለው አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል ነው። ይኼ የእናንተ የጽዋ ማኅበር መዝገብ ነው?» አሉ። ከበሩ አካባቢ አንድ ሰው ሳቀ፤ አባቴ አልሳቀም። ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «መጽሐፍ የሚሰጠው እንዲነበብ ነው፤ እንዲሰቀል አይደለም። ስማዳ ውስጥ በአንድ መጽሐፍ የሚሻሙ ልጆች አሉ። ለእነርሱ ብንወስደው ቅር አይበላችሁ።»

ምሰሶውን ያዝኩ። ያኔ እናቴ፣ ሥራ ፈት እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ «ገጹን ይጥሩልኝ» አለች።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«የፈለጉትን ገጽ ይጥሩልኝ ነው የምልዎ።»

ኃላፊው ለአክብሮት ያህል ፈገግ ብለው «እሺ፤ አርባ አንድ» አሉ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ገጽ አርባ አንድ። ምዕራፍ አራት። አረንጓዴ ተክሎች ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ለዚህም የፀሐይ ብርሃን፣ ውኃና አየር ያስፈልጋቸዋል። ሥዕል አራት ነጥብ ሁለትን ተመልከቱ።» «ተመልከቱ» ስትል ጎጡ በሙሉ በልማዱ ወደ ማኅደሩ ቀና አለ፤ በቅዳሴ «ተነሡ» እንደተባለ ምእመን። ኃላፊው በጣታቸው መስመሩን ይከተላሉ። አርባ ሁለትን ጨረሰች። ሰዎቹ ከኋላ ይቀበሏታል። በድንገት ኃላፊው ጣታቸውን አቆሙ። «እዚህ ጋ ተሳሳቱ፤ ከአርባ ሁለት ወደ አርባ አራት ዘለሉ።»

«እኔ አልዘለልኩም። መጽሐፉን ይዩት» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ብሩክ ጎንበስ ብሎ አየ። ቅጠሉ ተገልብጦ ተጠርዟል፤ አርባ አራት ከአርባ ሦስት ቀድሟል። ስለዚህ የእኛ ጎጥ ለወራት መልሱን ከጥያቄው በፊት ሲል ከርሟል፤ አንድም ሰው አልከፋውም። ብሩክ ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩን ነከሰ። ኃላፊው ግን መጽሐፉን እንደያዙ ወደ ደጅ ተመለከቱ። ከደጃፋችን ላይ አባቴ ጀንበር ስትጠልቅ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። «ከዚያ ድንጋይ ሥር ያለው ሣር ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁ።

«የገረጣ ነው። ነጣ ያለ፣ ቢጫ» አለ ሰው ሁሉ፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

«ለምን?»

እናቴ «ገጽ አርባ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔ ያን ምዕራፍ ከማንም በላይ አንብቤዋለሁ፤ በሕልሜም እለዋለሁ። ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለው ተክልና ደጃፋችን ላይ ያለው ሣር ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ኃላፊው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ? ቃሉን ይዛችሁታል፤ ነገሩ አልገባችሁም። ይኼ ንባብ ነው፤ ትምህርት አይደለም።» ሦስቱን መጻሕፍት ወደ ቦርሳቸው ከተቱ። ማኅደሩ ባዶውን በአባቴ እጅ ላይ ቀረ። አባቴ ያየው ማኅደሩን ሳይሆን እኔን ነበር።

ከሰዉ መካከል መርጌታ ይትባረክም ነበሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልክ ብለዋል፣ ንባብ ነው» አሉ። «እኛ ዘንድ ልጅ ዳዊት በደገመ ማግሥት ትርጓሜ አምጣ የሚለው የለም። ንባብ ይቀድማል። ንባቡ ከተያዘ በኋላ የትርጓሜ መምህር ይፈለጋል፤ አገር ተቋርጦም ቢሆን ይፈለጋል። እርስዎ መጽሐፍ ሰጡን እንጂ መምህር መቼ ሰጡን? ንባቡን እኛ አደረስነው። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ትርጓሜውን ሳይልኩልን መጽሐፉን ሊወስዱ መጡ?»

እኔ መርጌታ «ትርጓሜ» ሲሉ አንድ ነገር ቆነጠጠኝና በሰዉ መካከል ሾልኬ ወጣሁ። ድንጋዩን በሁለት እጄ ገለበጥኩት። ሣሩ እዚያ አለ፤ ቀጭን፣ የገረጣ፣ አንገቱን ወደ ጠርዙ ወደ ብርሃኑ አስግጎ። ስንት ጊዜ ያየሁትን ነገር ያን ቀን ገና አየሁት። «ምሳ አጥቶ ነው» አልኩ።

«ማን?» አሉ ኃላፊው ከበሩ።

«ሣሩ። ድንጋዩ ፀሐይ ከለከለው። ፀሐይ ከሌለው ምሳውን በምን ያበስላል? ገጽ አርባ አንድ ማለት ይኼ ነው።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ብዙ ጠረጉት። ከዚያ አባቴ ከሚቀመጥበት ድንጋይ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ሣሩን ጎንበስ ብለው አዩ። ሲነሡ መጽሐፉን ከቦርሳቸው አወጡ፤ እስክሪብቶም አወጡ። ከአርባ አንደኛው ገጽ ኅዳግ ላይ ሲጽፉ አባቴ ደንግጦ እጁን ዘረጋ። መርጌታ ያዙት። «ተዋቸው፣ ታከለ። ሊቃውንቱም በኅዳግ ይጽፋሉ።» የጻፉት «ከድንጋይ ሥር ያለውን ሣር ተመልከቱ» የሚል ነው። ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ለአባቴ መለሱለት፤ ሲመጡ በአንድ እጃቸው ነበር የተቀበሉት። ወደ ብሩክ ዞረው «የትርጓሜ መምህር ይላሉ። ማንን ልላክ?» ቢሉት «በየወሩ ለጊዮርጊስ እኔ እመጣለሁ» አለ። እናቴም «እንግዲያው ያን ኮንጎህን ይዘህ ና» አለችው።

መጣም። እርሱ ከተመረቀ በኋላ ሌሎች መጡ። የመጽሐፉ ኅዳግ ስለ ድስት ክዳን ላብ፣ ስለ ማረሻ ብረት፣ ስለ ገብስ ሥር በተጻፈ ሞላ። ከዕለታት አንድ ቀን ለብሩክ የሠራኋትን ነገር ፈራ ተባ እያልኩ አነበብኩለት፤ በገዛ እጁ ከኃላፊው ጽሑፍ በታች አሰፈራት፤

ያለ ጭስ ያለ እሳት፣ ከፀሐይ ተበድሮ፣
ቅጠል ምሳ ሠራ ከደጃችን አድሮ።

ከዚያ ወዲህ ግጥሞቼ በብዙ ቦታ ታትመዋል። እንደዚያ ያለ ወረቀት ላይ ግን አልወጡም። ዛሬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሳይንስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ላይ ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጥቼ ድንጋይ አስገለብጣለሁ። ቀድመው ንባቡን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ በዚህ አልቆጣም። ከዚያ ከቤታችን ወለል ላይ ከተነሡት መካከል በጤና ጣቢያው የምታዋልደው አለች፤ በሕንፃ ሥራ ቀያሽ የሆነው አለ። ባለፈው ሳምንት ቤት ስደርስ ማኅደሩ አሁንም ከምሰሶው ላይ ነበር፤ ጠቁሮ፣ ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተጠግኖ። የሳይንሱ ጠርዝ ታጥፏል፣ ጣት ይዞበታል። እናቴ ዓይኗ ደክሟል። «እስቲ አርባ ሦስትን በይልኝ» ብላት «መጀመሪያ አርባ አራትን» አለችኝ።

ለእኔ የመጡት ሽማግሌዎች የተመለሱት መጽሐፉ በቀረልን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ሰዎቹ ከዩኒቨርሲቲ መምጣታቸውን ሰምተዋል። ብልሁ ሽማግሌ ገና ሳይቀመጥ ወደ ምሰሶው አየና ማኅደሩ እንደተሰቀለ ሲያገኘው ቅር አለው። «መጽሐፉን አልወሰዱትም እንዴ?» አለ።

«አልወሰዱትም» አለ አባቴ። «ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደብሬ ንባቡን ጨርሳለች። አሁን ትርጓሜ ላይ ናት። እርሱን ስትጨርስ እልክባችኋለሁ።»

ሽማግሌው ደስ አለው። በዚያ ሰዓት መርጌታ ይትባረክ ከጎኑ ተቀምጠው ነበርና ወደ እርሳቸው ዞረ። «መርጌታ፣ እርስዎ ያውቁታል። ትርጓሜ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

መርጌታ አባቴን አዩት፤ ቀጥለው እኔን። መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው» አሉ። «ገና አልጨረስኩም።»